«አንድ ነገር ላሳይህ» ለሚል ሰው ሰበብ አይስጡ

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ኔትወርክ ማርኬቲንግ፣ ማለትም አባሉ ሌላ ሰው እያስመዘገበ ዕቃ ስለሚሸጥበት ንግድ፣ የሚወጡ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ «ተጠንቀቁ» ብለው ያበቃሉ። ምን ብሎ መመለስ እንደሚቻል ግን አይናገሩም። ግብዣው ከማናውቀው ሰው ብቻ ቢመጣ ስልክ መዝጋት ይበቃ ነበር። የሚመጣው ግን ከአክስት ልጅ፣ ከድሮ የክፍል ጓደኛ፣ ከሥራ ባልደረባ፣ አንዳንዴም ከአለቃ ነው። ስለዚህ ይሉኝታ ይይዘንና «ጊዜ የለኝም»፣ «እስቲ ላስብበት» እንላለን። የዚህ ደብዳቤ ምክር አጭር ነው፦ እንቢ ይበሉ፣ ሰበብ ግን አይስጡ። እያንዳንዱ ሰበብ አስቀድሞ የተዘጋጀ መልስ አለውና።

ጋባዡ በምን መንገድ እዚያ እንደደረሰ ማወቅ ይጠቅማል። አዲስ አባል ከተመዘገበ በኋላ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ዕቃ መሸጥ ሳይሆን ስም መጻፍ ነው። 100 ስም ጻፍ ይባላል፤ «ማን ይፈልጋል፣ ማን አይፈልግም ብለህ አንተ አትወስን» ተብሎ የስልኩን ማውጫ ከላይ እስከ ታች ይገለብጣል። ቀጥሎ የጥሪ ቃል ይሰጠዋል። የድርጅቱን ስም በስልክ አትናገር፣ ስለ ሥራው አትግለጽ፣ ቀጠሮ ብቻ ያዝ ይባላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስሙ ከተነገረ ተጋባዡ ከቀጠሮው በፊት ኢንተርኔት ላይ ይፈልገዋል። በቀጠሮው ዕለት ደግሞ የሚያስረዳው ወዳጅዎ አይደለም፤ በመረቡ ከእሱ በላይ ያለው አባል፣ «አፕላይን» የሚባለው ነው። ወዳጅዎ አስቀድሞ «በጣም ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው፣ በስንት ልመና ነው ያገኘሁልህ» ይላል። ይህ አባባል ድንገት አፉ ላይ የመጣ አይደለም። እንዲህ የተከበረ ሰው ፊት ተቀምጦ «አልፈልግም» ማለት እንዲያሳፍርዎ ታስቦ የተሰጠ ነው።

ሰበቦቹን አንድ በአንድ እንያቸው። «ጊዜ የለኝም» ሲባል «ጊዜ እንዲኖርህ ነው እኮ የጠራሁህ» ይባላል። «ገንዘብ የለኝም» ሲባል «ለዚህ ነው የሚያስፈልግህ፤ ተበድረህ ጀምርና በሁለት ወር ትመልሳለህ» ይከተላል። «መሸጥ አልችልም» ለሚል «አትሸጥም፣ ያየኸውን ለሰው ማካፈል ብቻ ነው» የሚል መልስ አለ። «ባለቤቴን ላማክር» ያለ ሰው ባለቤቱም አብራ ትጋበዛለች፤ ሁለት ተመዝጋቢ ማለት ነው። ከሁሉም የሚከፋው «ላስብበት» ነው። የሚያስብ ሰው ስሙ «ክትትል» በሚለው ዝርዝር ላይ ይሰፍርና በሁለትና በሦስት ቀን አንዴ ይደወልለታል።

ማፌዝም አይሠራም። ስድብ ደግሞ ይባስ። አዲስ አባላት በመጀመሪያው ስልጠና ላይ «ቤተሰብና ጓደኛ ይስቁባችኋል፣ ህልማችሁን ሊሰርቁ ይሞክራሉ» ተብለው ተነግሯቸዋል። እርስዎ በሳቁ ቁጥር አሠልጣኙ ትንቢቱ ሰመረለት፤ ወዳጅዎም ከእርስዎ ርቆ ወደ እነሱ ይጠጋል።

የሚሠራው መልስ ሦስት ነገር ይይዛል፦ ምስጋና፣ የዚህን ዓይነት ሥራ በሙሉ የሚመለከት ውሳኔ፣ ዝምድናው እንዳለ መሆኑ። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ስላሰብክልኝ አመሰግናለሁ። ሰው በማስመዝገብ ገንዘብ የሚገኝበት ሥራ ውስጥ ግን አልገባም፣ የማንም ድርጅት ቢሆን። ሌላ ወሬ ካለህ ግን ደውልልኝ።» «የማንም ድርጅት ቢሆን» የምትለው ሐረግ እንዳትቀር። «የእኛ ግን ከሌሎቹ ይለያል» የሚለውን ንግግር ሳይጀመር ትዘጋዋለች። «ለምን?» ከተባለ «ወስኛለሁ» ይበቃል። ድጋሚ ከመጣ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በዚያው ቃል ይድገሙት፤ አዲስ ቃል የጨመሩ እንደሆነ አዲስ ክርክር ከፈቱ ማለት ነው። በሦስተኛው «ሁለት ጊዜ መልሼልሃለሁ፤ ይህንን ካነሳህ ስልኩን እዘጋዋለሁ» ይበሉና ሲያነሳ ይዝጉት። ብለው ካልዘጉ ግን ከመጀመሪያውም ባይሉት ይሻል ነበር።

ለታላቅ ሰው ቃሉ ይለሰልሳል እንጂ ውሳኔው አይለሰልስም፦ «ጋሼ፣ ስላሰቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ ያለ ሥራ ግን አልገባም፤ በከንቱ እንዳይደክሙብኝ ብዬ ነው።» አለቃ ከሆነ ጉዳዩ ከይሉኝታ ያልፋል፤ የደረጃ ዕድገትዎና ፈቃድዎ በእጁ ነው። እንቢታዎን በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይላኩ፣ ቀኑ እንዲታይ አድርገው ያስቀምጡት። ግብዣው በሥራ ሰዓት ከቀጠለ ለሰው ኃይል ክፍል የሚያቀርቡት ማስረጃ እሱ ነው።

«እሺ አትመዝገብ፣ ቢያንስ ዕቃውን ግዛኝ» የሚል ልመናም አለ። መግዛት ከፈለጉ እንደ ማንኛውም ደንበኛ አንድ ጊዜ ገዝተው ይጨርሱ። «በአባል ዋጋ እንድታገኘው ልመዝግብህ» ሲባል ግን አይሆንም ይበሉ። ቅናሹን ለማግኘት የሚሞሉት ቅጽና የሚሰጡት የመታወቂያ ቅጂ በሰው ስር ቦታ ያስይዝዎታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥሪ «ቦታህ ተይዟል፣ ከስርህ ሰው እየገባ ነው፣ ፓኬጅህን ካላሳደግህ ይቀርብሃል» የሚል ነው። በኃዘኔታ ተመዝግበው ኋላ የገቡ ሰዎች አብዛኛው መንገዳቸው ይህ ነው።

ቀጠሮ ከመቀበልዎ በፊት የድርጅቱ ስም ማን እንደሆነ፣ ደመወዝ ይኖረው እንደሆነና የሚከፈል ነገር ካለ ይጠይቁ። «መጥተህ ብታየው ይሻላል» የሚል መልስ ከመጣ መልሱ ተገኝቷል፤ አይሂዱ። በሥራ ማስታወቂያ ስም የሚመጣውም በዚሁ ይለያል። ለ«ቃለ መጠይቅ» የተጠሩት ብዙ ሰዎች በአንድ ሰዓት አንድ አዳራሽ ከተሰበሰቡ፣ ስለ ደመወዝ ሲጠየቅ «ገቢህ ወሰን የለውም» ከተባለ፣ ለስልጠና ወይም ለመነሻ ዕቃ ክፈሉ ከተባለ፣ ቀጣሪ የለም። ቀጣሪ ለሠራተኛው ይከፍላል እንጂ ከሠራተኛው አይቀበልም። ሳያውቁ አዳራሹ ውስጥ ራስዎን ካገኙ ደግሞ ምንም አይፈርሙ፣ መታወቂያ አይስጡ፣ «ዛሬ ብቻ» የሚባለውን ቅናሽ ለነገ ያሳድሩት። ነገም እዚያው ያገኙታል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጋባዦች «ያልተሳካለት ስላልጣረ ነው» ይላሉ፣ ብዙ ሰውም ያምናቸዋል። በነጭ ሰሌዳ ላይ የሚሳለው ሥዕል ቀላል ነው፦ አንተ 6 ሰው ታስገባለህ፣ እያንዳንዳቸው 6። በአምስተኛው ደረጃ 7,776 ሰው ይሆናል። እስከዚህ ያሳዩና ይቆማሉ። ቢቀጥሉ በአሥራ አንደኛው ደረጃ 362,797,056፣ በአሥራ ሦስተኛው 13,060,694,016 ይደርሳል፤ ዓለም ላይ ያን ያህል ሰው የለም። ይህኛው ክርክር ግን የታወቀ ስለሆነ «ማንም እስከዚያ አይደርስም» የሚል መልስ ተዘጋጅቶለታል። መልስ ያልተገኘለት ሌላው ነው። ሁሉም ሰው ጎበዝ ነው፣ ሁሉም ሰው በትክክል 2 ሰው ያስገባል እንበል። ሦስት ሙሉ ደረጃ፣ ማለትም 14 ሰው፣ ከስሩ ያለው አባል ወጪውን የሚመልስ ቢሆን፣ ያንን ያላገኙት የመጨረሻዎቹ ሦስት ደረጃዎች ሁልጊዜ ከጠቅላላው አባል ሰባት ስምንተኛ እጅ፣ ማለትም 87.5 በመቶ ገደማ ይሆናሉ። መረቡ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ አባላቱ ሰነፍም ይሁኑ ትጉ፣ ድርሻው አይለወጥም። እያንዳንዱ 6 የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ ከስራቸው አንድም ሰው የሌላቸው ብቻ 83 በመቶ ያህል ናቸው። ኪሳራው የስንፍና ውጤት አይደለም፤ የቅርጹ ውጤት ነው።

«ግራና ቀኝ» የሚባለው የባይነሪ አከፋፈል ሌላ ወጥመድ ይጨምራል። ከእርስዎ ስር ሁለት እግር፣ ማለትም ሁለት የአባላት ቅርንጫፍ ይኖራል፣ ኮሚሽን የሚታሰበው ግን በደካማው እግር ነው። ግራው 5,000 ነጥብ፣ ቀኙ 600 ነጥብ ቢያመጣና ክፍያው 10 በመቶ ቢሆን የሚያገኙት የ600ውን አሥር በመቶ፣ 60 ነጥብ ነው። የቀረው 4,400 እንደ ድርጅቱ ደንብ ወደሚቀጥለው ጊዜ ይሸጋገራል፣ ወይም በጊዜው መጨረሻ ይሰረዛል። «አፕላይንህ አንዱን እግር ይሞላልሃል» የሚባለውም እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሚሞላው ግን ጠንካራውን ነው። ገንዘብ የሚከፈልበትን ደካማውን መሙላት የእርስዎ ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ ላይ «አክቲቭ» ሆኖ ለመቆየት በየወሩ የሚገዛው ዝቅተኛ መጠን አለ። ያን ወር ካልገዙ የሠሩበት ኮሚሽን ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አባሉ ዕቃውን ስለሚፈልገው ሳይሆን ክፍያው እንዳይቋረጥበት ይገዛል፤ ዕቃው ቁም ሳጥን ውስጥ ጊዜው ያልፍበታል።

በወረቀት ማረጋገጥ የሚሻ ሰው ድርጅቱ አባላቱ ስንት እንደሚያገኙ የሚያሳይበትን የገቢ መግለጫ ይጠይቅ። ሲያነብ አራት ነገር ይመልከት። የተጻፈው አማካይ ከሆነ አይጠቅምም፤ ከላይ ያሉ ጥቂቶች አማካዩን ይጎትቱታል፣ ስለዚህ አባላቱ በገቢያቸው ተራ ቢደረደሩ መሐል ላይ የሚውለው አባል ስንት አገኘ ብሎ ይጠይቅ። ገቢው ወጪ ሳይቀነስ የተጻፈ መሆኑን ያጣራ፤ ብዙ ጊዜ ነው። ስሌቱ «ንቁ አባላትን» ብቻ የሚያካትት ከሆነ የወጡት፣ የከሰሩትና ምንም ያላገኙት ተቆርጠዋል ማለት ነው። የመጨረሻው፣ ቁጥሩ የወር ነው ወይስ የዓመት? የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ባለሙያዎች በ2024 ባወጡት ሪፖርት የ70 ድርጅቶችን መግለጫ መርምረው እጅግ የሚበዛው አባል በዓመት 1,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች እንደሚያገኝ፣ ቢያንስ በ17ቱ ደግሞ አብዛኛው አባል ምንም እንዳላገኘ አሳይተዋል። ይህ ድርጅቶቹ ራሳቸው ካሳተሙት የተወሰደ ነው፤ ከተቺ አይደለም።

«ሕጋዊነቱ በፍርድ ተረጋግጧል» ሲባልም ብዙ ሰው ይደነግጣል። ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ይኸው የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ1979 አምዌይ በተባለው የኔትወርክ ማርኬቲንግ ድርጅት ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው። ያ ውሳኔ ድርጅቱን ፒራሚድ (ገንዘቡ ከዕቃ ሽያጭ ሳይሆን አዲስ ሰው ከማስገባት የሚመጣበት ማጭበርበር) አይደለም ያለው የራሱን ደንቦች አይቶ ነው፦ አባሉ ከገዛው ቢያንስ 70 በመቶውን በየወሩ እንዲሸጥ፣ ለአሥር ደንበኞች መሸጡን እንዲያሳይ፣ ያልተሸጠውም ተመልሶ እንዲገዛ የሚሉ። በዚያው ውሳኔ ድርጅቱ ዋጋ ከመወሰንና ገቢን ከማጋነን እንዲታቀብ ታዟል፤ ይህን ጋባዦች አይጠቅሱትም። ውሳኔው ለዘርፉ በሙሉ የተሰጠ ማረጋገጫ አይደለም። በ2016 ሄርባላይፍ 200 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ የአከፋፈል ሥርዓቱን እንዲለውጥ ተስማምቷል፤ በ2019 አድቮኬር 150 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ከዚህ አሠራር በሙሉ ወጥቷል። የፒራሚዱ ዋና መለያ በ1975 በኮስኮት ጉዳይ የተቀመጠው ነው፦ ሰው የሚከፍለው ለመሸጥ መብትና ሌላ ሰው በማስገባት ለሚገኝ ሽልማት ከሆነ፣ ሽልማቱም ዕቃው ለእውነተኛ ተጠቃሚ ከመሸጡ ጋር ካልተያያዘ፣ ፒራሚድ ነው። ስለዚህ ለጋባዡ የሚቀርበው ጥያቄ «አባል ያልሆኑ፣ በሙሉ ዋጋ የገዙህ፣ ደግመውም የገዙ ስንት ሰዎች አሉህ?» የሚለው ነው።

ምርቱ «ትምህርት» ወይም ዲጂታል ገንዘብ ሲሆን ማጣራቱ ይከብዳል፤ የማይበላ፣ የማይለበስ ነገር ዋጋው ይህ ነው ተብሎ ማንም አያነጻጽረውም። ዋንኮይን የተባለው የሐሰት ዲጂታል ገንዘብ ድርጅት ከ2014 ጀምሮ የሸጠው የስልጠና ፓኬጅ ነበር፣ «ሳንቲሙ» ከፓኬጁ ጋር ይመጣል እየተባለ፣ በዚሁ በሰው አስገቢ መረብ በኩል። መሥራቿ ሩያ ኢግናቶቫ በ2017 ተሰወረች፤ አጋሯ ካርል ግሪንዉድ በ2023 የ20 ዓመት እስር ተፈርዶበታል።

የስልኩን በር መዝጋት ቀላል ነው። በቴሌግራምም በዋትስአፕም የግላዊነት ማስተካከያው ውስጥ ወደ ግሩፕ ማን ሊያስገባኝ ይችላል የሚል ምርጫ አለ፤ «ሁሉም ሰው» ከሚለው ወደ «የማውቃቸው ብቻ» ይለውጡት። ከግሩፑ ሲወጡ ማብራሪያ አይጻፉ። በማያውቁት ቁጥር «የቤት ውስጥ ሥራ» ብሎ ለጻፈ ሰውም «አልፈልግም» እንኳ አይመልሱ፤ መልስዎ ቁጥሩ እንደሚሠራ ያረጋግጥለታል። ማገድና ሪፖርት ማድረግ ይበቃል።

አስቀድሞ ለገባ ወዳጅ ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ስለ ዕቃው ጥራት አይከራከሩት፤ ዕቃው ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ጉዳዩም እሱ አይደለም። ለሦስት ወር አንድ ደብተር እንዲይዝ ይጠይቁት። በአንድ በኩል የወጣው፦ ምዝገባ፣ የወር ግዢ፣ ትራንስፖርት፣ የስልክ ካርድ፣ የስልጠና መግቢያ፣ በነፃ ያደለው ናሙና። በሌላ በኩል በእጁ የገባው፣ ሲስተሙ ላይ የሚታየው ነጥብ ሳይሆን ያወጣው ጥሬ ገንዘብ። በስክሪን ላይ ያለ ቦነስ ወጥቶ እስኪታይ ድረስ አይጻፍ። ደብተሩን ከሞላ ሌላ ክርክር አያስፈልግም። ለመያዝ እንቢ ካለም ግድ የለም፣ አይጫኑት፤ የወጣ ዕለት አፍሮ ከእርስዎ እንዳይሸሽ በሩ ክፍት ይሁንለት።

መውጣት የፈለገ ሰው በመጀመሪያ የወር ግዢው በራሱ ከካርዱ ወይም ከሒሳቡ የሚቆረጥ ከሆነ በጽሑፍ ያስቁመው፤ ለአፕላይኑ በቃል መንገር አይበቃም፣ ለድርጅቱና ለባንኩ ነው መጻፍ ያለበት። ያልተከፈተ ዕቃ አይክፈት፣ ደረሰኙን ከውሉ ጋር ያያይዝና የመመለሻ ጥያቄውን ቀን ጽፎ ይላክ። ውሉ ውስጥ ሐሳብ ለመለወጥ የተሰጠ ቀን ካለ ከዚያ ቀን በፊት መድረስ አለበት፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው «ትንሽ ታገስ፣ ልትጀምር ስትል ነው የምትተወው» እየተባለ ያ ቀን ስለሚያልፍበት ነው። ኪሳራውን ለመመለስ ሁለት ሰው ላስገባ ማለት ኪሳራውን ለሌላ ማሸከም ብቻ አይደለም፤ ያስገቡት ሰው ሲከስስ ስምዎ መዝገቡ ላይ ይኖራል። ከወጡ በኋላ «የጠፋውን ገንዘብ እናስመልስልሃለን፣ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ» የሚሉ ይመጣሉ። የከሰሩ ሰዎች ዝርዝር ይሸጣል፤ ለእነዚህ አንዲት ሳንቲም አይክፈሉ።

በመጨረሻ ከእናንተ ከጋዜጣው የምንጠይቀው አለን። የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ስትቀበሉ ከአስነጋሪው ሦስት ነገር አስሞሉ፦ የድርጅቱ ሙሉ ስም በማስታወቂያው ላይ እንዲወጣ፣ ደመወዝ ይከፈል እንደሆነና አመልካች የሚከፍለው ነገር ካለ መጠኑ። ይህን መሙላት የማይፈልግ አስነጋሪ ማስታወቂያው በ«ክፍት ሥራ» ስር ሳይሆን በንግድ ማስታወቂያ ገጽ ይውጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሸማቾች ምክር ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎች